ፋት ቻንስ

ይኸው ሦስት ቀኔ። ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል፣ ልተኛ ስል ትዝ ይለኛል።

ውጭ አገር ካለች ደንበኛ ጋር በዙም ስብሰባ ላይ ነን። ሴትየዋ "እስከ አርብ ያልቃል ወይ?" ብላ ጠየቀች። ሥራው ጫፍ ደርሷል፤ እንዲያውም ሐሙስ ልልክላት አስቤያለሁ። "የስ" ብል ይበቃ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ ያን ሰሞን ለይቶልኝ የእንግሊዝኛ የይሆናል አይሆንም አባባሎችን ስሸመድድ ነው የከረምኩት፦ ሃይሊ ላይክሊ፣ ስትሮንግ ፖሲቢሊቲ፣ ስሊም ቻንስ። ስሊም ማለት ቀጭን ነው። ቀጭን ዕድል ካለ ወፍራምም መኖር አለበት አልኩ በልቤ። ማይኬን ከፍቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ "ፋት ቻንስ!" አልኳት።

ጸጥ። ቅንድቧ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ኔትወርኩ የተቆራረጠ መስሎኝ "ቬሪ፣ ቬሪ ፋት ቻንስ!" ብዬ ደገምኩላት። ይባስ ብዬ ውፍረቱን በእጄ አሳየኋት። ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ አልበቃ ሲለኝ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ የበለጠ ዘረጋሁ። ጣቶቼ ከስክሪኑ ወጡ። ሰው የሚያቅፈው ዛፍ የሚያህል ዕድል ነው ያሳየኋት። አለቃዬ በቻት "ደህና ነህ?" አለኝ።

ለካ "ፋት ቻንስ" ማለት "እርምሽን አውጪ" ማለት ነው! ያውም በፌዝ። ደንበኛን ሁለቴ፣ በፈገግታ፣ እጄን ዘርግቼ እርምሽን አውጪ አልኳት።

ግን እስቲ ፍረዱ። ቀጭኑም የለም፣ ወፍራሙም የለም፣ ታዲያ ያለው የትኛው ነው? በኛ ዕድል ከሰፋ ሰፋ ነው፣ ከጠበበ ጠበበ፣ ከመነመነም መነመነ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን ጉድ ቻንስ ይላሉ፣ ባድ ቻንስ ስትል ያርሙሃል። ደግሞ እርስ በርሳቸውም አይግባቡም። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ሰዎች ዩጎዝላቪያ የመጠቃቷ ነገር "ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ"፣ የምር ሊሆን የሚችል ነገር፣ ነው ብለው ጻፉ። በኋላ ሸርማን ኬንት የሚባለው ሰውዬ አብረውት የጻፉትን ስንት ፐርሰንት ማለታችሁ ነበር ቢላቸው፣ ከ20 እስከ 80 ተበታተኑ። በአፍ መፍቻቸው! እነሱ በጦርነት ካልተግባቡ እኔ በአርብ ብሳሳት ምን ይገርማል?

ትናንት ሐሙስ ሥራውን ላክሁ። አመስግና "ቀጣዩ ክፍልስ መቼ ይደርሳል?" ብላ ጻፈችልኝ።

"የስ" ብዬ መለስኩላት።