ስምዎን ማን ልበል?

የሌሊት ተረኛ ስሆን መጽሐፍ ይዤ ነው የምገባው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሪሴፕሽኑ ጋ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። ሰሞኑን ሮቢንሰን ክሩሶን ጨረስኩ። ልጅ ሆኜ ያነበብኩት ለተማሪ አሳጥረው ያዘጋጁትን ነበር። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ያሳተመው ሙሉው መጽሐፍ ሌላ ነገር ነው። መርከቡ ተሰብሮበት ደሴት ላይ 28 ዓመት የኖረ ሰው ታሪክ ነው።

መሃል ላይ ስደርስ «ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» አልኩ። ለካ ቦ በርንሃምን አስታውሶኝ ነው። በርንሃም አሜሪካዊ ኮሜዲያን ነው። መድረክ ላይ ጭንቀት እየያዘው ለአምስት ዓመት ያህል ከመድረክ ራቀ። ሊመለስ ሲል ኮሮና መጣ። አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ፣ ራሱ እየቀረጸ፣ መብራቱን ራሱ እየተከለ «ኢንሳይድ» የተባለ የቀልድና የዘፈን ፊልም ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ስታንድአፕ፣ ማለትም መድረክ ላይ ቆሞ ለተመልካች የሚቀርብ ቀልድ እንዳይባል፣ ፊት ለፊቱ አንድ ሰው የለም። ጺሙና ፀጉሩ ሲያድግ እናያለን። ክሩሶ ቀኑን እንጨት ላይ እየቀረጸ ይቆጥራል። በርንሃም 30 ዓመት ሊሞላው የቀረችውን ደቂቃ ሰዓት አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃል።

ክሩሶ በቀቀን አለው። አንድ ቀን የባሕሩ ሞገድ ሊወስደው ደርሶ፣ ለጥቂት ተርፎ፣ ደክሞት እንደተኛ ስሙ ሲጠራ ይሰማል። «የት ነህ? የት ነበርክ?» ይለዋል ድምፁ። በድንጋጤ ተነሣ። በቀቀኑ ነው፤ ራሱ ያስተማረውን ቃል ነው የመለሰለት። በርንሃም ደግሞ የራሱን ዘፈን እያየ አስተያየት ይሰጣል። ቀጥሎ አስተያየቱ ላይ አስተያየት፣ እሱም ላይ ሌላ። ሁለቱንም የሚያናግራቸው የገዛ ድምፃቸው ነው።

ከዚያ ሰው ይመጣል። ያኔ ነው የሚያስፈራው። ክሩሶ አሸዋው ላይ የአንድ ባዶ እግር ዱካ ያያል። ሰው ናፍቆት የኖረው ሰውዬ ዞር ዞር እያለ ሮጦ ምሽጉ ገባ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። በርንሃም መጨረሻ ላይ ከክፍሉ ሲወጣ መብራት ያርፍበታል፣ የማይታይ ሕዝብ ያጨበጭባል። ተመልሶ ሊገባ ሲል በሩ ተቆልፏል። እሱ ከበሩ ጋር ይታገላል፣ ሕዝቡ ይስቃል።

እኔን ግን የያዘኝ ካልሲው ነው። በርንሃም እጁ ላይ ካልሲ አጥልቆ ያናግረዋል። ካልሲው ዓለም በደም የተሠራች መሆኗን ይናገራል። በርንሃም ይቆጣል። «አዎ ጌታዬ» እስኪለው ድረስ አይለቀውም። ክሩሶም ደሴቲቱ ላይ አምጥተው ሊገድሉት የነበረን አንድ ወጣት ከገዳዮቹ ሲያስጥል ቀኑ ዓርብ ስለነበር «ፍራይደይ» አለው። ከዚያ «ጌታዬ» ብሎ እንዲጠራው አስተማረው። «አዎ»ና «አይደለም» የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ግን አልጠየቀውም። ገጾቹን ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ፈለግኩ። የለም። ዴፎ ይሄን እንደ ደግነት ነው የጻፈው። በርንሃም ጭካኔውን ራሱ ላይ አድርጎ ያሳያል፣ ለዚህ ነው ሳየው የሚያመኝ። ክሩሶን እወደዋለሁ፣ እዚህች ላይ ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

የኮሮና ሰሞን ሆቴላችን ባዶ ነበር። ለሳምንታት አንድ ክፍል እንኳ አልተያዘም። ሰው ናፍቆኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አንድ ሌሊት ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ ልቤ ድው ድው አለ። ማስኬን አፍንጫዬ ድረስ ሳብኩ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። አንድ ሽማግሌ ቦርሳቸውን እየጎተቱ መጡ። መዝገቡን ገለጥኩና እስክሪብቶ አነሣሁ።

«ስምዎን ማን ልበል አባቴ?»