ኢንዲያናን ይዤ ፉትቦል የገባኝ ሲዝን

የአሜሪካን ፉትቦል ለመልመድ የምትታገሉ ካላችሁ፣ ሕጉን ከመሸምደዳችሁ በፊት አንድ ቡድን ያዙ። አዲስ አሰልጣኝ የመጣለት የኮሌጅ ቡድን ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እዚያ የቆየው ደጋፊ ራሱ ግማሾቹን ልጆች አያውቃቸውም፣ ስለዚህ ግራ የሚገባችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። እኔ የያዝኩት የ2024ቱን ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ኢንዲያና ስሙ የሚነሳው በቅርጫት ኳስ ነበር። በፉትቦል ከሆነ በትልቁ የኮሌጅ ዲቪዚዮን ታሪክ ብዙ ጨዋታ በመሸነፍ ያኔ የሚስተካከለው አልነበረም። በ2023 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈና አሰልጣኙ ቶም አለን ተሰናበተ። በሱ ቦታ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ከርት ሲግኔቲ መጣ። ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ነው። ድሮ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታዋቂው አሰልጣኝ የኒክ ሴባን ረዳት ነበር፤ በ2011 ያንን ትልቅ ቤት ትቶ፣ በፊት አባቱ ያሰለጠኑበት ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለ ትንሽ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ሄደ። ብዙ ሰው ሽቅብ በሚሮጥበት ሙያ ወደ ታች ወርዶ መጀመሩ ነው መጀመሪያ የሳበኝ። ኢንዲያና እንደገባ ተጫዋቾችን እንዴት አሳምነህ ታመጣለህ ሲሉት «እኔ አሸንፋለሁ፤ ጉግል አድርጉኝ» አለ። ጉራ መስሎኝ ነበር። ጉግል ሳደርገው ግን እውነትም የሚያሸንፍ ሰው ነው።

ፕሪሚየር ሊግ ስናይ ላደግን ሰዎች እንግዳ የሚሆነው ቀጣዩ ነገር ነው። እኛ አሰልጣኝ ሲቀየር ያሉትን ተጫዋቾች ይዞ ይጀምራል፣ በመስኮቱ ሁለት ሦስት ሰው ይገዛል ብለን ነው የምናስበው። ኮሌጅ ላይ ግን ትራንስፈር ፖርታል የሚባል ነገር አለ፤ ልጁ ስሙን ያስገባና ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እዚያም ወዲያው መጫወት ይችላል። ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ብቻ 13 ልጆች ይዞ መጣ። ኤይደን ፊሸር፣ ሚካይል ካማራ፣ ዲአንጄሎ ፖንድስ፣ ኢላይጃ ሳራት ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውንና ማጥቃቱን የሚመራውን፣ ከርቲስ ሮርክን ደግሞ ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አመጣው፤ ካናዳዊ ነው። ስለዚህ «በአንድ ዓመት ተአምር ሠራ» ሲባል ሙሉ በሙሉ አልዋጥ ይለኛል። የሚያውቃቸውን፣ የሚያውቁትን ልጆች ይዞ ነው የገባው። ሥርዓቱን ከዜሮ ማስተማር አላስፈለገውም፤ ፊሸርና ጓደኞቹ ለሌሎቹ አስተማሪ ሆኑ።

አሁን ወደ እኔ ትምህርት ልምጣ። መጀመሪያ ላይ ዓይኔ ኳሱን ብቻ ነበር የሚከተለው፣ ኳሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሥር ተቀብሮ ነው ያለው። ለውጥ ያመጣልኝ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ማተኮር ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ለመሄድ 4 ሙከራ አለው፤ አራተኛውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን በእግር መትቶ ለማራቅ ስለሚጠቀምበት የእውነት የሚወሰነው ሦስተኛው ላይ ነው። የቀረው 2 ያርድ ነው ወይስ 9? ይህን ብቻ እያየሁ ስቀመጥ ጨዋታው ገባኝ። ኢንዲያና ለምን እንደሚያሸንፍም ያየሁት እዚያው ነው። ሮርክ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሙከራ ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ሦስተኛውን ቀላል ያደርገዋል። ቀጥሎ ፊት ለፊት የሚጋፉትን ግዙፎቹን ልጆች ማየት ለመድኩ። ኳሱ ከመወርወሩ በፊት እነሱ ወደ ኋላ ከተገፉ ቀሪው ባይታይም ይታወቃል።

ውጤቱ ያስቃል። ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደው ዩሲኤልኤን በሮዝ ቦውል ስታዲየም 42 ለ13፣ ኔብራስካን 56 ለ7። በኔብራስካው ጨዋታ የሮርክ አውራ ጣት ተጎዳ፤ በሳምንቱ ዋሽንግተንን ተቀያሪው ቴይቨን ጃክሰን ይዞ 31 ለ17 አሸነፉ። ግን ከሁሉም ያስተማረኝ ሚቺጋን ነው። እረፍት ላይ ኢንዲያናዎች 17 ለ3 ይመሩ ነበር። ከእረፍት በኋላ አጥቂው ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ፣ ተከላካዩ ግን ቀጥ አድርጎ ያዘውና 20 ለ15 አለቀ። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነበር ሚቺጋን። ያ ድል 10 ጨዋታ አሸንፈው አንድም ያልተሸነፉ አደረጋቸው፤ በታሪካቸው በአንድ ሲዝን 10 ጨዋታ አሸንፈው አያውቁም ነበር።

«ጠንካራ ቡድን አላጋጠማቸውም» የሚሉ ሰዎች ግን ነበሩ፣ እውነት ለመናገር ነጥብ ነበራቸው። ኦሃዮ ስቴት (ሮርክ ከመጣበት የተለየ ትምህርት ቤት ነው) 38 ለ15 ሲያሸንፋቸው ሁሉም ወጣ። ሮርክ 5 ጊዜ ኳሱን እንደያዘ ተጣለ፣ በውርወራ ያገኘው 68 ያርድ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ እረፍት ሊወጡ ሲሉ ኳሱን መትቶ የሚያርቀው ልጅ አመለጠው፣ ከእረፍት መልስ ደግሞ የኦሃዮ ስቴቱ ኬሌብ ዳውንስ የተመታውን ኳስ ተቀብሎ 79 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። እስከዚያ ቀን ኳስ ማራቂያው ሲመጣ ሻይ ላመጣ ነበር የምነሳው። ከዚያ በኋላ አልተነሳሁም።

በመጨረሻው የመደበኛ ጨዋታ ፐርዱን 66 ለ0 ቀጠቀጡት። ሽልማቱ አሮጌ የእንጨት ባልዲ ነው፣ አልቀለድኩም፣ ባልዲ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድን ወዳስገባው ፕሌይኦፍ፣ ሻምፒዮኑ ወደሚለይበት ጥሎ ማለፍ፣ በ10ኛነት አለፉና እዚያው ግዛት ውስጥ ባለው ኖተርዳም 27 ለ17 ተሸነፉ። የኖተርዳሙ ጄረማያ ላቭ ከራሱ ጫፍ ተነስቶ 98 ያርድ ሲሮጥ አንድም ሰው አልደረሰበትም። ውጤቱ ተቀራራቢ ቢመስልም የኢንዲያና ሁለት ታችዳውኖች (ኳሱን እስከ ሜዳው መጨረሻ ክልል አድርሶ ማስቆጠር) ነገሩ ካለቀ በኋላ የገቡ ናቸው። በአራተኛው ሩብ እየተመራ ሲግኔቲ ኳሱን መትተው እንዲያርቁት ማዘዙ እስካሁን አይዋጥልኝም። የሚፎክር ሰው እዚያ ላይ መድፈር ነበረበት።

ሲዝኑ በ11 ድልና በ2 ሽንፈት አለቀ። በኋላ ሮርክ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሶ እንደተጫወተ ተናገረ። ያንን ከሰማሁ በኋላ ጨዋታዎቹን ደግሜ እያየሁ ነው፣ እግሩን እያየሁ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከኔብራስካው አትጀምሩ፤ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላችኋል። የሚቺጋንን ሁለተኛ አጋማሽ ሙሉውን እዩ፣ ሃይላይት ሳይሆን ሙሉውን፣ ኢንዲያና ኳሱን በያዘ ቁጥርም ሦስተኛው ሙከራ ላይ ስንት ያርድ እንደቀራቸው ወረቀት ላይ ጻፉ።