ውሃ የተሞላ ጎማ

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ታችኛው ግቢ ወረድኩ። ደብሮኝ ነበር። የእማ አርባ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነኝ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ቀኑ አይገፋልኝም። ደግነቱ ክረምት ነው። በክረምት ሐይቅ ዳር ሥራ አይጠፋም። ሣሩ በሳምንቱ ጉልበት ይደርሳል፣ ማዕበሉ ደግሞ ሌሊቱን እምቦጭ ሲገፋ ያድርና ጠዋት ዳርቻው ላይ ከምሮት ይገኛል።

ትንሿን የሣር ማጨጃ ትራክተር ታውቋታላችሁ፣ ወንድሜ ከመሄዱ በፊት የገዛትን። አሁን አሁን ከምናጭድባት ይልቅ የምንጎትትባት ይበዛል። ከኋላዋ ተጎታች አስረን እምቦጩን ከውሃው ዳር ወደ ላይ እናወጣባታለን። እምቦጭ ሲያዩት ቅጠል ይመስላል እንጂ አብዛኛው ውሃ ነው፤ እርጥቡን በእጁ የጫነ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ዳገቷ ጋ ስንደርስ የኋላ ጎማዎቿ ሣሩን እየቧጠጡ እዚያው ይሽከረከራሉ። ሐምሌን ሙሉ እንዲህ ነበርን፤ እኔ መሪው ላይ፣ ጋሽ መ. ከኋላ እየገፉ፣ መስኩ ጭቃ እስኪሆን ድረስ። አንድ ቀን እንዲያውም ተጎታቹ ወደ ጎን ስቧት ውሃው ውስጥ ልንገባ ምንም አልቀረንም። ያን ቀን ጋሽ መ. ሞተሩን አስጠፉኝና "አንች ልጅ፣ ይች ነገር ክብደት የላትም፣ መሬት አትይዝም" አሉኝ።

እኔ አሸዋ በጆንያ ሞልተን ከኋላዋ እንጫንባት ብዬ ነበር። ጎሚስታው ልጅ ነው እምቢ ያለው። ከላይ የተጫነ ክብደት አክሱን ይጫነዋል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ለመገልበጥ ያመቻል አለ። "ውሃ ጎማው ውስጥ እንሙላበት" ሲለኝ ግን ግራ ገባኝ። ጎማ ውስጥ አየር እንጂ ውሃ ሲገባ መች አይተን እናውቃለን። ለካ የትልልቅ የእርሻ ትራክተሮች የቆየ ዘዴ ነው። ክብደቱ እዚያው መሬቱ አጠገብ ስለሚቀር አክሱን አያስጨንቅም፣ ማሽኗንም ወደ ታች ይይዛታል። የሚሞላውም የሚገፉት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው።

ዛሬ ሞላንላት። ሥራው ብዙ ዕቃ አይፈልግም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። በክሪክ ከፍ አደረግናትና ቫልቩ ወደ ላይ እንዲሆን ጎማውን አዞርነው። ልጁ አየሩን አስተነፈሰ፣ ከቫልቩ ውስጥ ቀጭኗን መርፌ ፈትቶ አወጣ፣ ቀጭን የውሃ ጎማ አጠበቀበት። ጀሪካኑን አጥሩ ላይ ሰቀልነውና ውሃው በራሱ ጊዜ መውረድ ጀመረ። ትንሽ ሲገባ ውስጥ ያለው አየር ይታፈንና ውሃውን አላሳልፍም ይላል። ያኔ የውሃ ጎማውን ነቅሎ ማስተንፈስ ነው። ቱሽሽ ይላል፣ እንደገና ይገጠማል። ደግሞ ቱሽሽ፣ ደግሞ መግጠም። ውሃው በቫልቩ ተመልሶ መፍሰስ ሲጀምር ይበቃዋል። ቫልቩ ያለው ቸርኬው ላይኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ ከእሱ በላይ ያለው አየር ይቀራል፤ ያኔ ከጎማው ሦስት አራተኛው ያህል ሞልቷል ማለት ነው።

"ለምን እስከ አፉ አንሞላውም?" ብዬ ጠየቅሁት። ውሃ አይጨመቅም አለኝ። ድንጋይ ሲረግጥ የሚለመጠው አየሩ ነው። ያ አንድ አራተኛ አየር ካልቀረለት ጎማው እንደ እንጨት ይደርቅና ምቱን ሁሉ ለቸርኬው ይሰጠዋል።

ብርድ አገር እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። እዚያ ውሃው ጎማው ውስጥ በረዶ ስለሚሆንባቸው ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይቀላቅሉበታል፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ስኳር ከሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት የሚጨመቅ ፈሳሽ የሚሞሉም አሉ፤ እሱ አይረጋም፣ ብረትም አይበላም፣ ከውሃም ይከብዳል። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባውን ፀረ በረዶ የሚጠቀምም አለ፣ ግን ካፈሰሰ ውሻ ይገድላል። እኛ ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ ውሃ የማይረጋበት አገር መሆኑ ራሱ ሀብት ነው። ንጹሕ ውሃ በቂያችን ነው። ቸርኬው እንዳይዝግ የውስጥ ጎማ አስገባንበት፣ በቃ።

በአንዱ ጎማ 30 ሊትር ያህል ገባ። ውሃ ደግሞ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። ልጁ እጁን እየጠረገ "60 ኪሎ ጨመርንላት" አለ።

60 ኪሎ ሲል እማ ትዝ አለችኝ።

በመጨረሻው ጊዜ ከዚያ በጣም ታንስ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ያነሳኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ወገቤን ይይዘኝ ነበር። ኋላ አነሳሡን ለመድኩት፤ ክንዷን አንገቴ ላይ ታደርጋለች፣ "በእግዜር፣ ቀስ" ትላለች፣ እነሳለሁ። ከየትም ብውል ማታ 12 ሰዓት ሳይሆን ቤት ነበርኩ። ሠርግ ተጠርቼ ምሳ ሳይነሳ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ይከብደኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ጊዜማ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "እሷም አረፈች፣ አንችም አረፍሽ" አለኝ። ለደግ እንዳሉት አውቃለሁ። ግን አላረፍኩም። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን እግሬ ወደ ቤት ይቸኩላል፣ በሩን ስከፍት የምቸኩልለት ነገር የለም። ሳሎን እቆማለሁ፣ ጓዳ እገባለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። አንድ ቦታ አልይዝም።

እማ ዘጌ ነው ያደገችው። አባቷ እንጨት በታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ይሸጡ ነበር፣ ልጅ ሆና እንጨቱ ላይ አስቀምጠው ያመጧታል። ሲመጡ አትፈራም ነበር። የምትፈራው ሲመለሱ ነው ትል ነበር፤ እንጨቱ ተሽጦ ታንኳው ባዶ ሲሆን፣ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ እንደ ቅጠል ሲያንሳፍፋቸው። ዘጌ ሲደርሱ ደግሞ ታንኳውን ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ከጠጣ ይከብዳልና፣ ካልደረቀ አይረባም። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ! ሰምቼዋለሁ እያልኩ አቋርጣት ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ባዳምጣት እወድ ነበር፤ እኔን የያዘኝ የትኛው እንደሆነ እጠይቃት ነበር፣ የባዶው ታንኳ ነው ወይስ ውሃ የጠጣው?

ወንድሜ ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። ቤቱን እንሽጠውና አንች እኔ ጋ ነይ አለኝ። "አሁን ምን ያስርሻል?" አለ። በፍቅር ነው የተናገረው፣ ድምፁ ውስጥ ይሰማል። አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ እማ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንሶላውን እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም፣ ወንበሩም ከአልጋው አጠገብ እንደነበረ ነው።

ዛሬ ማታ መልሶ ይደውላል። ምን ልበለው?