ምንባቡ የሌለበት የምንባብ ፈተና

የማስተምራቸው ልጆች በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ናቸው። በየጊዜው የአንብቦ መረዳት ልምምድ እንሰጣቸዋለን። አሠራሩን የማያውቅ የለም። በአንዱ ገጽ ምንባብ፣ በሌላው ገጽ አሥር የምርጫ ጥያቄ። ልጆቹ ይሠራሉ፣ እኛ እናርማለን፣ ነጥቡ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ።

አንድ ቀን ስብሰባ ስለነበረብኝ ክፍሉን ባልደረባዬ ያዘልኝ። ወረቀት የሚያባዛው ቢሮ የዛን ዕለት ሥራ በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ ከሁለቱ ገጾች አንዱን ብቻ አባዝቶ ላከ። ጥያቄዎቹ ያሉበትን። ምንባቡ የለም። ባልደረባዬ «ባለፈው ክፍለ ጊዜ አንብበውት ይሆናል» ብሎ አደላቸው። ልጆቹም ሠሩ። ሰዓቱ ሲሞላ ሰብስቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሳርም ምንም የተለየ ነገር አልታየኝም። ጉዱ እሱ ነው። ውጤቱ እንደ ወትሮው ነበር። ስምንት ያገኙ አሉ። ሰባትና ስድስት ያገኙ ይበዛሉ። ጥቂቶች አምስትና አራት ላይ ቀርተዋል። ግራ ያጋባችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ከክፍሉ ሁሉ አብዝታ የምታነብ እሷ ናት፤ ከአሥር ያገኘችው ግን ሁለት። ስምንቱን ባዶ ትታዋለች። ግርጌው ላይ በእርሳስ «ቲቸር፣ ምንባቡ የታለ?» ብላ ጽፋለች።

የሌሎቹን ወረቀት አንድ በአንድ አገላበጥኩ። የታለ ብሎ የጠየቀ ሌላ ሰው የለም።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ የሆነውን ነገርኳቸው። «ማንንም አልቆጣም፤ እንዴት እንደመለሳችሁ ብቻ ንገሩኝ» አልኩ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ፣ በኋላማ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሆነ።

የጠፋው ምንባብ ስለ ዓሣ ነባሪ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ዓሣ ነባሪ ከውሃ በላይ ብቅ የሚለው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው፤ ሳንባ አለው፣ መተንፈስ አለበት» አለ አንዱ። ትክክል። ሦስተኛው ጥያቄ እናት ለተወለደው ግልገል ምን እንደምታደርግለት ይጠይቃል። አራተኛው ደግሞ «እናቱ ወደ ላይ ገፍታ ካወጣችው በኋላ ግልገሉ ምን ያደርጋል?» ይላል። የሦስተኛው መልስ አራተኛው ውስጥ ተቀምጧል። «ጥያቄዎቹን መጀመሪያ ሁሉንም አነባለሁ፤ አንዱ የሌላውን ይነግረኛል» አለች ሌላዋ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሌላም አለ። «ሁልጊዜ» ወይም «በፍጹም» የሚል አማራጭ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ከአራቱ ረጅሙ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ትክክለኛውን መልስ ሲጽፍ ይጠነቀቃል፣ ሲጠነቀቅ ይረዝምበታል። ተስማሚ ርዕስ ምረጡ የሚለውንስ? ጥያቄዎቹ በሙሉ ስለ መተንፈስ ከሆኑ ርዕሱም ስለ መተንፈስ ነዋ! እውነት ለመናገር አደነቅኳቸው። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። ወረቀቶቻችንን ከኛ በተሻለ ያጠኑ እነሱ ናቸው።

አብዛኛው ክፍል የተሳሳተው ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንዱ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለው ተውላጠ ስም ማንን እንደሚተካ ይጠይቃል። ሌላው ጸሐፊው በመጨረሻ ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ የምንባብ ጥያቄዎች። ሌሎቹ ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ፈተና ያለን ዕውቀት የሚለኩ ናቸው።

ልጅቷንም ጠየቅኳት። «ሁለቱን ከሳይንስ አውቃቸዋለሁ። ሌላውን ሳላነብ እንዴት እመልሳለሁ?» አለችኝ። ትንሽ ተናዳለች። ልክ ናት። በኛ መዝገብ ግን ያን ቀን የክፍሉ ደካማ አንባቢ እሷ ነበረች። ነጥቡን ሰረዝነው።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ኋላ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስቱዋርት ካትዝና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚያገለግለው ከኤስኤቲ የንባብ ጥያቄዎችን ወስደው፣ ምንባቡን ላላዩ ተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹ በግምት ብቻ ከሚገኘው በላይ መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ 64 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ አንድ የቤዝቦል ጨዋታ አስነበቡ። ቤዝቦል የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ቤዝቦል የማያውቁትን ጎበዝ አንባቢዎች በለጧቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስለ አውሮፕላን በቀረበ ምንባብ ሙሉ ነጥብ ያመጣ ልጅ ሳይ፣ በመጀመሪያ የምጠይቀው አውሮፕላን ይወድ እንደሆነ ነው።

መምህራን ክፍል ውስጥ ጉዳዩን ሳነሳ ብዙዎቹ ሳቁ። ልጆቹ ብልጥ ሆኑ እንጂ ጥያቄው ምን አጠፋ የሚል ነበር ክርክሩ። እኔም ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጎልፋው ዝምቡሉን በረንጣው ላይ ጠነበረው። ዝምቡሉም ቆሪፋ ስለነበር አልተላጠመም።»

ከዚያ ጠየቅኳቸው። ጎልፋው ማንን ጠነበረው? «ዝምቡሉን!» የት? «በረንጣው ላይ!» ዝምቡሉ ለምን አልተላጠመም? «ቆሪፋ ስለነበር!» ሦስት ከሦስት። ዝምቡል ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን ጠፋ። እኔም አላውቅም፤ እዚያው የፈጠርኩት ነው። ምንባቡ ቢኖርም እንኳ ልጅ ሳይገባው የሚመልሰው በዚህ መንገድ ነው። ከጥያቄው ቃል ይወስዳል፣ ምንባቡ ውስጥ ያንን ቃል ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያለውን ይገለብጣል። ዓይኑ ይሮጣል፤ ጭንቅላቱ አረፍ ብሏል።

ታዲያ ለምን አያነቡም? ስንፍና ነው ማለት ይቀላል። አንድ ቀን የዓሣ ነባሪውን ምንባብ አድዬ፣ ጥያቄ ሳላወጣ፣ የማታውቁትን ቃል አስምሩበት አልኳቸው። የአንዳንዱ ወረቀት በመስመር ተሞላ። እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ጠቃሚ ነው። ያለ እርዳታ አንብቦ በደንብ ለመረዳት በምንባቡ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። 250 ቃል ባለው ገጽ ላይ የማይታወቀው አምስት ያህል ቃል ብቻ መሆን አለበት ማለት ነው። የኛ ልጆች በየመስመሩ አንድ አንድ ያሰምራሉ። እንዲህ ያለ ገጽ ፊት ለፊቱ የተቀመጠበት የ14 ዓመት ልጅ ቢያመልጥ ምን ይገርማል? ምንባቡ ግድግዳ ሲሆንበት ጥያቄዎቹ በር ሆኑለት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ ምንባቡን ማቅለል ሆነ። መጽሐፉ ለደረጃችሁ ነው የሚለውን ትተን ልጆቹ ራሳቸው ያሰመሩትን አየን። አንዳንድ ወላጅ «ወደ ኋላ ተመለሱ እንዴ?» ብሎ ቅር ተሰኝቷል። ሁለተኛው ለውጥ ርካሽ ነው። ማንኛውንም አዲስ የጥያቄ ገጽ መጀመሪያ ምንባቡን ላላየ የሌላ ክፍል ልጅ እንሰጣለን። እሱ የመለሰውን ጥያቄ እናወጣለን ወይም እንቀይራለን። አንዳንዴ ከአሥሩ ሦስት ብቻ ይተርፋል። ጥያቄ ማውጣት ከባድ ሥራ መሆኑ ያኔ ይገባል።

እኔ ከሁሉ የወደድኩት ግን ቀስቱን ነው። ምንባቡ ላይ ተውላጠ ስም በመጣ ቁጥር ልጆቹ ወደሚተካው ስም ቀስት ይስላሉ። አንድ ምንባብ ዓሣ ነባሪዎች የጀልባ ድምፅ ከሩቅ ይሰማሉ ካለ በኋላ፣ «ዌን ዜይ ጌት ክሎዝ፣ ዜይ ዳይቭ» (እነሱ ሲቀርቡ፣ እነሱ ይጠልቃሉ) ይላል። ሁለት «ዜይ» አለ። ልጆቹ ሁለቱንም ወደ ዓሣ ነባሪዎቹ ቀሰቱ። አንዲት ልጅ ብቻ የመጀመሪያውን ወደ ጀልባዎቹ ሳበችው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። «ጀልባ ነው የሚቀርበው!» «አይ፣ ዓሣው ነው!» «ዓሣው ከቀረበ ታዲያ ለምን ይሸሻል?» ለአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ሲጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም። አንዱም «መልሱ ስንት ቁጥር ነው?» አላለም።

ጥያቄ ማውጣቱንም ለነሱ ሰጠናቸው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፓሊንክሳርና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲተነብዩ፣ ጥያቄ እንዲያወጡ፣ ያልገባቸውን እንዲያብራሩና እንዲያሳጥሩ አድርገው የመረዳት ችሎታቸው እንደተሻሻለ አሳይተዋል። የኛዎቹ አራቱንም እኩል አይወዱም። ማሳጠር ይሰለቻቸዋል፤ መተንበይን ሎተሪ አድርገውታል። ጥያቄ ማውጣት ሲባል ግን ይነቃሉ። ሳይነበብ የሚመለስ ጥያቄ ያመጣ ቡድን ይጮኽበታል። ጓደኛን የሚሸውድ የተሳሳተ አማራጭ ለመጻፍ ምንባቡን ደጋግመው ያነቡታል። ይህን ያህል ጊዜ አንብቡ ብላቸው ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር!

ከዚያ የሚጠበቀው መጣ። ነጥብ ወረደ። ሰባት የለመደ ልጅ አራት ሲያገኝ ቤቱም፣ አስተባባሪውም ይጠይቃል። ባልደረባዬም ጥያቄ ነበረው። «ዞሮ ዞሮ ትልቁ ፈተና ምርጫ ነው። አማራጭ መጣል፣ ጥያቄ ቀድሞ ማንበብ፣ ይሄም ችሎታ ነው። ለምን ትነፍጋቸዋለህ?» አለኝ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ሰዓት ሲያጥር ብልሃት ያድናል፤ ምንባቡን ሊረዳ የሚችል ልጅ ብልሃት ቢጨምርበት ደስ ይለኛል። ብልሃቱ ብቻ ያለው ልጅ ግን የራሱን ሐሳብ ጽፎ እንዲያስረዳ የተጠየቀ ዕለት እጁ ባዶ ነው። አልተስማማንም። እሱ ትልቁ ፈተና ሲቃረብ የፈተና አሠራር ያስተምራቸዋል፤ በቀረው ጊዜ ቀስትና ክርክር ይቀጥላል።

አሁን መዝገቡ ላይ ሁለት ነጥብ እንጽፋለን። አንዱ የምርጫው ነው። ሌላው ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ ያነበበውን በራሱ ቋንቋ ሲተርክ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛውን ማረም ጊዜ ይፈጃል፤ ልጅ በልጅ መስማት ያስፈልጋል። አስተባባሪው እስካሁን ለሁለተኛው ዓምድ ስም አላገኘለትም።