እስቲ ምራቅሽን ልየው

አክስቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ስትመርቅ «እንትፍ እንትፍ» ትላለች። ልጆች ሆነን ባሕር ዳር ለመሄድ ጀልባ ከመሳፈራችን በፊት ግንባራችን ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር ያርፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ድምፁ ብቻ ቀረ። እንትፍ ትላለች፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማናችንም ልብ አላልነውም።

ልብ ያልኩት በበሶ ነው። ባለፈው ጾም እኛ ቤት መጥታ የጨበጥኩላትን በሶ አፏ ውስጥ አዙራ አዙራ መዋጥ አቃታት። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስላት «ኧረ ቆይቷል ልጄ፣ እንጀራውም እንደዚሁ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል» አለችኝ። ዓይኗንም አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራት ነበር። እኛ የጭስ ነው ብለን ነበር።

ምራቋን የዋጠች የምትባል ሴት ናት፣ የራሷን ሕመም አታወራም። ያወራችው ጊዜም ሰሚ አላገኘችም። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላት። አንድ ክሊኒክ ጨጓራ አላት። ሌላው ስኳር መርምሮ «ነጻ ነሽ» ብሎ ሸኛት። ጥርሷ ከድዷ ሥር እየተቦረቦረ ሁለቱ ሲነቀሉ የነቀላት ሰው «ጣፋጭ ቀንሺ» አላት። ቡናዋን በጨው የምትጠጣ ሴት ናት እኮ! ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በጣም የሚያናድደኝ በዚህ ሁሉ ጊዜ «እስቲ ምራቅሽን ልየው» ያላት አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

በመጨረሻ ያየችላት እዚሁ ባሕር ዳር ያለች አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። «እናቴ፣ ነገ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ፣ ጥርስዎንም ሳይፍቁ ይምጡ» አለቻት። በነጋታው ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና አንገቷን ትንሽ ደፋ አድርጋ፣ ሳታወራ፣ ሳታኝክ፣ አፏ ውስጥ የተጠራቀመውን ብቻ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እንድትተፋ ነገረቻት። 15 ደቂቃ በሰዓት ተያዘ። ጤነኛ ሰው ምንም ሳያኝክ በደቂቃ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ምራቅ ያመነጫል፣ በ15 ደቂቃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። በደቂቃ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ያሳስባል። የአክስቴ ብልቃጥ ሥር ላይ አረፋ የመሰለች ነገር ብቻ ነበረች። ሐኪሟ በሲሪንጅ ስባ ለካችው፣ አንድ ሚሊ ሊትር አልሞላም። አክስቴ አፍራ «ይቅርታ ልጄ፣ እምቢ አለኝ» አለቻት። ያቺ ይቅርታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ጥፋት የሠራች መስሏት ነው።

በሽታው ሾግረን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ 19 ሴቶች በጻፈው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም በሄንሪክ ሾግረን ስም። ጀርም ሊዋጋ የተሠማራው የሰውነት መከላከያ ምራቅና እንባ የሚያመነጩትን ዕጢዎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። ከሚያዙት 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው።

ምራቅ መለካት ብቻውን አይበቃም፣ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። የአለርጂ ክኒንም፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒትም፣ ስኳርም አፍ ያደርቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል ሕመሞች ሕክምና) ማኅበራት ባወጡት መስፈርት የምራቅ ማነስ 1 ነጥብ ነው፣ የሚያስፈልገው ደግሞ ቢያንስ 4። መከላከያው በራስ አካል ላይ የሚያመርተው ፀረ ሮ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ መገኘቱ 3 ነጥብ አለው፣ ከታችኛው ከንፈር ውስጥ ተቆርጦ የሚታየው ናሙናም እንዲሁ። የአክስቴ ደም አዲስ አበባ ተልኮ ፀረ ሮው ተገኘባት። ሦስትና አንድ አራት። ከንፈሯ ሳይቆረጥ ታወቀ።

ምራቅ የሚጠቁመው ሾግረንን ብቻ አይደለም። መከላከያው የራስን ቆዳ የሚያጠቃበት ፔምፊገስ የሚባል በሽታም አለ፣ ውሃ ቋጥሮ እየፈነዳ የሚያቆስል፣ ብዙ ጊዜ ከቆዳ በፊት አፍ ውስጥ የሚጀምር። ዴስሞግሊን 3 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቁትን ፀረ እንግዳ አካላት ተመራማሪዎች በታማሚዎች ምራቅ ውስጥ አግኝተዋቸዋል። የምራቅ ምርመራው ከቁስሉ ቁራጭ ወስዶ ማየትን ገና አልተካም። እንዲተካ ግን ከልቤ እመኛለሁ፣ ቁስል በቁስል የሆነ አፍ ውስጥ መርፌና ምላጭ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የአክስቴ የምራቅ ምርመራ የፈለገው ብልቃጥ፣ ሰዓትና ሲሪንጅ ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የትኛውም ጤና ጣቢያ ሊጀምረው ይችላል፣ ቢያንስ ማን ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ይለያል። እናታችሁ በየጉርሻው ውሃ የምትጎነጭ ከሆነ ዝም አትበሉ።

አክስቴ አሁን ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከእጇ አይለይም፣ የዓይን ጠብታዋንም አታቋርጥም። በቀደም ደወለችልኝ። ጎረቤቷ ቆሎ ያለ ውሃ አልወርድ ብሏታል፣ ዓይኗም ይቆረቁራታል። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ይዛት ልትመጣ ነው።

«ጥርሷን እንዳትፍቅ ነግሬያታለሁ» አለችኝ።