ጋቢና ውስጥ ከቢምቢ ተጠብቆ ማደር

ሙዝ ለመጫን ወደ አርባ ምንጭ መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርገን ነው የምንወርደው። ተራ ካልደረሰን እርሻው ዳር እናድራለን። ከተማ ገብቶ አልጋ መያዝ ይቻላል። ግን መኪናን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ያስፈራል፤ ጎማውም ባትሪውም ንብረት ነው። ስለዚህ እኔና ረዳቴ የምንተኛው ጋቢና ውስጥ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ረዳቴ ታመመ። ሕመሙ የጀመረው አዲስ አበባ ከተመለስን ከአስር ቀን በኋላ ነው። ራሱን ፈለጠው፤ ብርድ ብርድ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ላብ በላብ ሆነ። የሄደበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ከየት እንደመጣ የጠየቀው የለም፤ እኛም አልተናገርንም። ደጋ ላይ ሆኖ ወባን ማን ያስባል? አራት ቀን ሙሉ ባሰበት። ሌላ ጤና ጣቢያ ወስጄው «አርባ ምንጭ እየተመላለሰ ነው» ስላቸው ወዲያው ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነበር፤ ቶሎ ካልታከመ የሚገድለው። ልጁ ሃያ ዓመት አልሞላውም። እናቱ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። መላ ሳላበጅ ልጁን ይዤ ላልወርድ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከዚያ በፊት ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። መስኮቱን ጥርቅም አድርገን እንዘጋለን። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱም ይሞቃል። ሁለት ሰው የሚተነፍስበት ጋቢና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይታፈናል። እኩለ ሌሊት ላይ ሲያቅተን መስታወቱን እናወርደዋለን። ቢምቢ ሰውን የሚያገኘው በትንፋሹ፣ በሰውነቱ ሙቀትና በላቡ ሽታ ነው። ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ባንዴ ሲወጣ ጠርተን እንዳስገባናቸው ነው።

ክብ ሆኖ የተጠቀለለውን የቢምቢ ማጨሻም ሞክረናል። በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ጠዋት ራስህን ይዘህ ነው የምትነሳው። ሞተር አስነስቶ ኤሲ ከፍቶ ማደርን ግን እንዳታስቡት። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ቀዳዳ ካገኘ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

የሠራልኝ አጎበር ነው። ግን እንደ መጋረጃ መስኮት ላይ ማንጠልጠል ዋጋ የለውም፤ ጎንና ጎኑ ይከፈታል። መርካቶ ሄጄ የአጎበር ጨርቅ በሜትር ገዛሁ። የቤቴን አጎበር አልቆረጥኩም፤ እሱ የልጆቼ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ልክ እንደ ትራስ ልብስ አሰፋሁት፤ ሦስቱ ጎን የተዘጋ፣ ታቹ ክፍት፣ የታቹ ጠርዝ ላስቲክ የገባበት። በሩን ከፍተህ ከላይ ወደ ታች በመስኮቱ ፍሬም ላይ ታለብሰዋለህ፤ ከመስታወቱ ዝቅ አድርገህ ትስበዋለህ፤ ከዚያ በሩን ትዘጋለህ። በሩ ራሱ ቆንጥጦ ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ተበላሸብኝ። የስፖኪዮውን ክንድ ረስቼው ለካሁ፤ ስጎትተው ተቀደደ። ሁለተኛውን በክንዱ ልክ ሰንጥቀን፣ ስንጥቁን አጥፈን ሰፋነው።

ይሄን ሁሉ አድርገን ደግሞ ተነከስን። ሌሊት ላይ ጆሮዬ ሥር ያ ድምፅ መጣ። አጎበሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደህና ነው። ረዳቴ የስልኩን መብራት ወደ ወለሉ አበራና «ጋሼ፣ ከታች እኮ ነው የሚገቡት!» አለኝ። እውነቱን ነው። የማርሹ ዘንግ የሚወጣበት ጎማ አርጅቶ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ አንዷ ቀስ ብላ ወጣች፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆመችና ወደ እኛ በረረች። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥርም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ያን ሌሊት ጨርቅ ወተፍንበት። አዲስ አበባ ስመለስ ጎማውን ቀየርኩ። አጎበር ከመግዛታችሁ በፊት ቀን ላይ ጋቢናውን ዘግታችሁ ወለሉን እዩ፤ ብርሃን ከሚገባበት እነሱም ይገባሉ።

ሌላው የእግር ጉዳይ ነው። ወንበሩ ላይ ስትዘረጋ እግርህ በር ይነካል። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ከወረደ እግርህ አጎበሩ ላይ ይለጠፋል፤ ቢምቢዋ ውጭ ቆማ በቀዳዳው ትነክስሃለች። ረዳቴ አንድ ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ በሙሉ በንክሻ ነጥብ ነጥብ ብሎ ተነሳ። አሁን መስታወቱን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምናወርደው። በእግራችንና በውጭው አጎበር መካከል መስታወቱ ስላለ አይገናኙም። ሌባም እጁን በቀላሉ አይሰድም። አየሩ በሁለቱም በር ስለሚያልፍ በቂ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሰዓቱ ነው። ብዙ ሹፌር ሊተኛ ሲል ነው የሚዘጋጀው። ሦስት ሰዓት ላይ አጎበር ብታለብስ ከመሸ ጀምሮ የገቡትን አብረሃቸው ቆለፍክ ማለት ነው። እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እናለብሳለን። ፍሊት ነፍተን በሩን ዘግተን ውጭ እራት እንበላለን። ከዚያ በሮቹን ከፍተን ሽታውን እናስወጣና ፈጠን ብለን እንገባለን። ውጭ ስንቀመጥም እጅጌ ረጅም ሸሚዝና ካልሲ አናወልቅም፤ ውጭ የተነከሰውን አጎበር አያድነውም።

የምንቆምበትንም ቦታ ቀየርን። ሙዝ በመስኖ ነው የሚለማው፤ ቦዩ ዳር የቆመ ውሃ አይጠፋም፤ የሚፈለፈሉት እዚያ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ወጣ ብለን፣ ነፋስ ወደሚያገኘን ከፍታ እንጠጋለን። ከመስከረም በኋላ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራቀም፣ የበለጠ እንጠነቀቃለን። ወባው የሚብሰውም ያኔ ነው። አሁን ትኩሳት የነካው ሰው የትም ከተማ ይታከም፣ መጀመሪያ የሚናገረው የት እንዳደረ ነው።

ረዳቴ ዛሬ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በመተማ መስመር ሰሊጥ ይጭናል። ባለፈው ወር ደወለልኝ። የያዘው ሲኖትራክ ነው፤ በሩ ከኔው ይሰፋል፤ የኔ ልክ አይሆነውም። ያው ልብስ ሰፊ እንዲሰፋለት ይፈልጋል። «በሩን ለክተህ ላክልኝ» አልኩት፣ «ከስፖኪዮው ክንድ ጀምር።»