ለሚካኤል የተሳልኩት ጃንጥላ

ሰው ፊት ቆሜ መመስከር አይሆንልኝም። ጉሮሮዬ ይደርቃል። ግን የተደረገልኝን ውጦ ዝም ማለትም ከበደኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

ሾፌር ነበርኩ። የቱሪስት ሾፌር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ሰሜን ተራሮች፣ ከዚያ አክሱም፣ ከዚያ ላሊበላ ተመላልሻለሁ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ እያልኩ እፎክር ነበር። ባለቤቴ ይህን በሰማች ቁጥር ታማትባለች። በ2011 መጨረሻ ድፍረት መጣልኝና ከአንድ አበዳሪ ተቋም ተበድሬ የራሴን ላንድክሩዘር ገዛሁ። አሮጌ ናት፤ ግን የኔ ናት። ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ሠራሁባት። ከጥምቀት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ።

በቀን ሠላሳ ጊዜ ይጮህ የነበረው ስልኬ ጸጥ አለ። የሚደውልልኝ አበዳሪው ብቻ ሆነ።

የዚያን ዓመት ሰሙነ ሕማማት ማን ይረሳዋል? ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መስገድ ቀርቶ ሁላችንም ቤት ዋልን። ካህናቱ ጽና ይዘው በየሰፈሩ እየዞሩ ያጥኑ ነበር። በኛ በር ሲያልፉ እኔ መኪናዋ ውስጥ ነኝ። እሷ ሥራ ስለሌላት ግቢ ቆማለች፤ እኔም ሥራ ስለሌለኝ እሷ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የዕጣኑ ሽታ በመስኮት ሲገባ ዕንባዬ መጣ። «ቅዱስ ሚካኤል አባቴ፣ ይህች መኪና ከእጄ አትውጣ። ይህን ካደረግህልኝ ለኅዳር 12 ትልቅ ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ተሳልኩ።

መኪናዋ ጳጉሜን ላይ ተሸጠች።

ዕዳው ተከፍሎ የተረፈኝ ብር የሁለት ወር አስቤዛ አይሸፍንም ነበር። ገዢው ከግቢ ሲያወጣት ማርሹ ጮኸበት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ማባበል ትፈልጋለች። አልነገርኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዱስ ሚካኤልን አኮረፍኩት። ሳቁ እንግዲህ፤ ትልቅ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ መልአክ አኩርፎ።

ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደግሞ በሰሜን ጦርነቱ ተጀመረ። እንጀራ የበላሁበት መንገድ ተዘጋ። ያን ሁሉ ሰው እያጣን ስለ መኪና ማውራት ያሳፍራል። ብቻ መኪናዋ እኔ ጋ ቆይታ ቢሆን ዕዳው እያበጠ እሷ ግቢ ውስጥ ዝገት ትጠጣ ነበር። ይህ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ከዋሽንግተን ስልክ ተደወለ። ለገና ላሊበላ የወሰድኳቸው እናት ናቸው። ከጉዞው ስንመለስ ቤት ወስጄ የእማዬን ዶሮ ወጥ አብልቻቸው ነበር። «ደህና ናችሁ ልጄ?» ብለው ብዙ ጠየቁኝና በመጨረሻ፣ «የእናትህ በርበሬ ከአፌ አልጠፋም። የእህቴ ልጅ ልትመጣ ነው፤ አሥር ኪሎ አዘጋጅተህ ብትልክልኝ» አሉ።

እማዬ ቁርጥማት እጇን ይዟት ዘነዘና ማንሳት ካቆመች ሰንብታለች። ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ «እኔ አፌን አመጣለሁ፤ አንተ እጅህን አምጣ» አለችኝ።

መርካቶ፣ በርበሬ ተራ ይዛኝ ሄደች። ሁለታችንም ማስክ አድርገናል። በዚያ ዓመት ማስክ የጠቀመኝ ያኔ ነው፤ በርበሬ ተራ የገባ ያውቀዋል። እማዬ ዛላውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ታንኮሻኩሸዋለች። ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ዝም ካለ እርጥበት አለው፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ አርከፍክፈውበት ይሆናል። ቀጥላ አንዱን ዛላ ትሰነጥቃለች። ውስጡ ሻጋታ ካየች ጆንያውን ሙሉ ጥላው ትሄዳለች። ነጋዴው «ማረቆ ነው፣ እመቤቴን!» ብሎ ይምላል። እማዬ መሐላ አትሰማም፤ ዛላውን ነው የምትሰማው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለፈረንጅ ስለ ፋሲል ግንብ ሳወራ እንዲህ ያለ ዕውቀት እቤቴ ተቀምጦ ነበር።

ሁለት ቀን ቀነጠስን። አንዴ ረስቼ ዓይኔን አሸሁት፤ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ከበርበሬው ጋር እየተወቀጠ ተደለዘና ታፍኖ ተቀመጠ። እኔ እወቅጣለሁ፤ እማዬ በርጩማዋ ላይ ሆና «ደቀቀ፣ ተው! እሱ ገና ነው፣ ድገመው!» ትላለች። ጎረቤት በአጥር አሻግሮ ያይና ይስቃል። ወንድ ልጅ ሙቀጫ ሥር!

ኅዳር 12 ደረሰ። እማዬና ባለቤቴ ለንግሥ ሄዱ። እኔ አኩርፌአለሁ፣ አልሄድም። ጭራሽ እልህ ይዞኝ፣ በዓሉ ምን አገባኝ ብዬ፣ ግቢው ውስጥ ሸራ ዘርግቼ ድልዙን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ምን እንደተከተለ ገምቷል። ኅዳር ሲታጠን ነው! በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን በጨረሰ ጊዜ የተጀመረው ልማድ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ከምሮ ለኮሰ። ጭሱ በአጥር ላይ ተንከባሎ ወደ በርበሬዬ መጣ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረሰች። ነጠላዋን ጥላ፣ «በሚካኤል ቀን! ኧረ በርበሬው ላስቲክ ላስቲክ ሊሸት ነው፣ ድረሱልን!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ሲስቁብኝ የነበሩት ጎረቤቶች ሮጠው ገቡ። ሸራውን በአራቱም ጫፍ ይዘን ሳሎን ውስጥ አስገባነው። ሶፋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በየቦታው በርበሬ። ሁሉም ሲያስል፣ ሲያነጥስ፣ ሲስቅ፣ ከመካከላቸው አንዷ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችና ዝም አለች። ቀጥላ፣ «ልጄ፣ ለኔም ሁለት ኪሎ ያዝልኝ» አለችኝ። ሌላዋም እንደዚያው። ማታ ቆጥሬ ስደምረው የተያዘው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። ለዋሽንግተኑ አሥር ኪሎ ብዬ የደለዝኩት ደግሞ አሥራ አምስት እንኳ አይሞላም።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጃንጥላ አስገባለሁ ያልኩበት ቀን እኮ ነው። እኔ ኩርፊያ ላይ ሳለሁ ደንበኞቼን በጭስ እየነዳ ቤቴ ድረስ አመጣቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጥር ላይ አንድ ኩንታል ገዛን። ዓቢይ ጾም ሲቃረብ ሽሮ ጨመርን። በዚያ ዓመት ከቤሩት ባዶ እጇን የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ አብራን መሥራት ጀመረች፤ አሁን ቅመም የምትለካው እሷ ናት፣ እኔን አታስነካኝም። ሌሎች ሁለት ሴቶችም አሉ። ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ የቢሮው ሠራተኛ ፎርሙን አየችና «ባልትናው የባለቤትህ ነው?» አለችኝ። የኔ ነው ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ሀብታም አልሆንኩም፤ አንዳንድ ወር ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ምስጋና ብቻ ነው። ግን ጠዋት ተነስቼ ከእማዬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ መሥራትን ከምንም ጋር አልለውጠውም። መንገድ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት የማያት በበዓል ብቻ ነበር፤ እሱም ቱሪስት ከሌለ።

ጃንጥላው ግን ይከነክነኝ ነበር። በመጨረሻ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «አባ፣ የተሳልኩት ለመኪናዋ ነው። መኪናዋ ሄዳለች። ስለቱ አለብኝ ወይስ የለብኝም?»

«መኪናዋን ለምን ፈለግሃት?»

«ልጆቼን ላበላባት ነዋ።»

«እና ልጆችህ ጦማቸውን ያደሩበት ቀን አለ?»

መልስ አልነበረኝም።

በ2015 ጃንጥላውን ገዛሁ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ። እስኪደርስ ድረስ ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ዕቃ ቤት፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ አስቀመጥኩት። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ይዤው ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ዲያቆን ሊያየው ብሎ ወለል አድርጎ ዘረጋው። ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ።

«ማረቆ ነው» አልኩት።